ትመርጣለህ ወይስ ይመርጣሉ

የከተማችን ስም ዚገን ነው፤ በጀርመንኛ ማሸነፍ ማለት ነው። ከሌላ ቦታ የመጣ ሰው ሁሉ ከባቡር ወርዶ ዝናቡ ሲቀበለው ያችኑ አሮጌ ቀልድ ይቀልዳል። «ከመሸነፍ የሚብስ ምን አለ?» ይላል። «ዚገን» ብሎም ራሱ ይመልሳል። እኛም እንደ አዲስ እንስቅለታለን፤ ምን ይደረግ፣ እንግዳ ነው። ሃርትሙት ፍሌንደር ግን በዚህ ቀልድ ስቆ አያውቅም። እዚሁ ተወልዶ፣ እዚሁ አግብቶ፣ እዚሁ በከተማው የውሃ ክፍል ተቀጥሮ፣ ስሙ ማሸነፍ በሆነ ከተማ ውስጥ አንድም ነገር ሳያሸንፍ ሃምሳን ያለፈ ሰው ነው።

አባቱ ብረት ማቅለጫ ነበር የሚሠሩት። እጃቸው እንደ አካፋ ነበር ይባላል። ልጃቸው ግን ከብዕር የከበደ ነገር አንስቶ አያውቅም። ረጅም ነው፤ ጎበጥ ይላል፤ ከመናገሩ በፊት ጉሮሮውን ይጠርጋል፤ ብዙ ጊዜም ጠርጎ ሳይናገር ይቀራል። አለቃው ስሙን እያሳሳተ ሲጠራው አቤት ይላል እንጂ አያርመውም። ሥራው ለሰው ቤት ደብዳቤ መጻፍ ነው። «ቆጣሪው ይነበብ፤ ቅጹ ይሞላ፤ ሳይዘገይ ይመለስ።» ማን ያንብብ፣ ማን ይሙላ፣ ደብዳቤው አይልም። የውሃ ክፍል ማንንም አንተ ብሎ አያውቅም፤ እርስዎም አይልም። ውሃው ብቻ ይፈሳል፤ ሒሳቡ ይከፈላል።

ታዲያ እንዲህ ያለው ሰው በወር አንድ ምሽት ሊቀመንበር ይሆን ነበር። ጉዱም ከዚህ ይጀምራል።

ነገሩን ያመጣችው የኪስ ኮምፒውተር ናት። ስልክ ገና ስልክ ብቻ በነበረበት ዘመን፣ መዳፍ የምታክል፣ ግራጫ፣ እንደ ስንጥር በቀጠነች ብዕር የሚጫሩባት ዕቃ ወጣች። ቀጠሮ ትይዛለች፣ አድራሻ ትይዛለች፣ የሰው ልደት ታስታውሳለች። ሃርትሙት ገዛትና በሸሚዙ ኪስ በልቡ በኩል አስቀመጣት። ከዚያን ቀን በኋላ በራሱ ጭንቅላት ያስታወሰው ነገር የለም ማለት ይቻላል። ሚስቱ ሮስቪታ ጠዋት ጠዋት «ውሽማህ ደህና አደረች?» ትለው ነበር። ሮስቪታ ልብስ ንጽህና ቤት ነው የምትሠራው። የሰው እድፍ ስታይ ስለምትውል ምላሷ ለማንም አይራራም።

ችግሩ ውሽማዪቱ ቤት ካለው ትልቅ ኮምፒውተር ጋር አለመግባባቷ ነበር። ሃርትሙት የፈለገው ቀላል ነገር ነበር። ኪሱ ላይ የጻፈው ጠረጴዛው ላይ እንዲታይ፣ ጠረጴዛው ላይ የሰረዘው ከኪሱ እንዲጠፋ፤ በአጭሩ ሁለቱን የሚያስታርቅ ፕሮግራም። እንዲህ ያለ ፕሮግራም ከዕቃዋ ጋር ይሰጣል፤ ግን የሚሠራው ተገዝቶ በሚጫን ሶፍትዌር በሚሄድ ኮምፒውተር ላይ ብቻ ነው። ሃርትሙት ደግሞ የነጻው ወገን ነው። ነጻው የሚባለው፣ አሠራሩ ለሁሉም ክፍት የሆነ፣ ማንም ገልጦ የሚያየው፣ ማንም የሚያርመው ሶፍትዌር ነው። እንደ ደቦ በሉት። ለሮስቪታ አንድ እሑድ ሲያስረዳት፣

«ማን ነው ታዲያ የሚሠራው?» አለችው።

«ሁላችንም።»

«እንግዲያው ማንም አይሠራውም።»

ሃርትሙት ጉሮሮውን ጠረገ፤ ሳይናገርም ቀረ።

እሱና ሌሎች የነጻው ወገን ሰዎች ሰባት ሆነው ተሰበሰቡ። ቦታው «አሮጌው ፖስታ» የሚባለው ቢራ ቤት ነው፤ በጓዳ በኩል ያለው፣ ግድግዳው የአጋዘን ቀንድ በቀንድ የሆነው ክፍል። የቤቱ ባለቤት ፍራው (ወይዘሮ) ክላፐርት መጀመሪያ መዘምራን መስለዋት ነበር፤ በከተማችን ጓዳ የሚከራይ ሰው ወይ ይዘምራል ወይ ርግብ ያረባል። ጥቂት ወር ከታገሠች በኋላ፣ የተጠበሰ ሥጋ እንቁላል ደፍታበት እያቀረበች፣ «እናንተ ግን መቼ ነው የምትዘምሩት?» አለቻቸው።

«እኛ እንኳ እያቀድን ነው» አላት ሃርትሙት።

«ለመዘመር?»

«ሶፍትዌር ለመሥራት።»

«እሱ ይሻላል፤ ጎረቤት አይረብሽም።»

እውነትም አልረበሹም። በመጀመሪያው ዓመት የፕሮግራሙን ስም ሲፈልጉ ከረሙ። ተጨቃጭቀው፣ ሁለት ሰው አኩርፎ፣ ታርቆ፣ በመጨረሻ «ስምምነት» አሉት። ከዚያ ትልቁ ጥያቄ መጣ። ኪስ አንድ ነገር ሲል፣ ጠረጴዛ ሌላ ሲል፣ ማን ይታመን? የኪስ ወገን ነበር፣ የጠረጴዛ ወገን ነበር፣ ባለቤቱ ይጠየቅ የሚልም ነበር። ይኸኛው ወገን ለመርታት ብዙ ክረምት ፈጀበት። በዚህ ሁሉ ጊዜ የተጻፈ አንድ መስመር ፕሮግራም የለም። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ። ብቻ ከመካከላቸው አንዱ፣ ኤክሃርት ዳውብ፣ ዕቅዱ እስኪያልቅ ብሎ ምድር ቤቱ ውስጥ ተቀምጦ አንዲት ትንሽ ነገር ጽፎ ነበር፤ ከጠረጴዛ ወደ ኪስ ብቻ የምትገለብጥ። ስሟን «ለጊዜው» አላት። ሁሉም በድብቅ ይጠቀሙባት ነበር፤ በስብሰባ ላይ ግን ማንም አያነሳትም። ነውር ነበራ፤ ያልታቀደች ናት።

ኤክሃርት ከግብር መሥሪያ ቤት በጡረታ የወጣ፣ አጭር፣ ድፍን ያለ ሰው ነው። የሃርትሙት ጓደኛ ነው። ከጓደኞቹ አንዱ አይደለም፤ ሌላ የለውም።

እዚህ አገር አንተ የሚባለው ቃል እንደ ጠጠር አይወረወርም። ቃሉ እስኪሰጥ ድረስ ሰው ሁሉ እርስዎ ነው፤ ሄር እገሌ፣ አቶ እገሌ እንደ ማለት። ትልቁ ለትንሹ ይሰጠዋል፤ ብርጭቆ ተጋጭቶ፣ ስም ተነግሮ፣ እጅ ተጨባብጦ። ትንሹ ቢሞትም አይጠይቅም። አንዴ ከተሰጠ ደግሞ እስከ መቃብር ነው። መልሶ መንጠቅ የጋብቻ ቀለበት አውልቆ ፊት ላይ እንደ መወርወር ነው፤ ስለዚህ ማንም አያደርገውም። ኤክሃርት ለሃርትሙት የሰጠው አንድ ምሽት ከስብሰባ በኋላ ነው። «ኤክሃርት» አለ ብርጭቆውን አንስቶ። «ሃርትሙት» አለ ሃርትሙት። ከዚያ በአንድ ጃንጥላ ቤታቸው ሄዱ። ለሮስቪታ በሩ ላይ ቆሞ፣ ካፖርቱ ውሃ እያንጠባጠበ፣

«ኤክሃርት አንተ አለኝ» አላት።

«እኔስ ስንት ዓመቴ አንተ ስልህ?»

«ያንቺ ሌላ ነው።»

«አዎ፣ የኔ እግርህን ጥረግ ከሚል ጋር ነው የሚመጣው። እግርህን ጥረግ።»

እንግዲህ ጥሉ የመጣው በኅዳር ነው። ባለቤቱ ይጠየቅ ተብሎ ከተወሰነ በኋላ የቀረው በምን ቃል ይጠየቅ የሚለው ብቻ ነበር። ሃርትሙት ጉሮሮውን ጠርጎ ተነሳ።

«ጥያቄውን አርቅቄዋለሁ። 'ኪስና ጠረጴዛ አልተስማሙም። የቱን ትመርጣለህ?' ይላል።»

«ማንን ነው ትመርጣለህ የሚለው?» አለ ኤክሃርት።

«ባለቤቱን።»

«እኔንም?»

«አንተም ከተጠቀምክበት፣ አዎ።»

«እኔ ከማሽን ጋር መቼ ነው ብርጭቆ ያጋጨሁት?»

የቀሩት ሳቁ። ኤክሃርት ግን አልሳቀም።

«ኤክሃርት፣ ነጻ ሶፍትዌር እኮ ነው» አለ ሃርትሙት። «በኢሜይሉም ሁሉም ሰው አንተ ነው የሚባባለው። ወንድማማች ነን።»

«የእናቴን ልጆች እኔ አውቃቸዋለሁ። 'የቱን ይመርጣሉ' ይበል።»

«እርስዎ ሲል የባንክ ማሽን ይመስላል።»

«የባንክ ማሽን ምን አደረገህ? ቢያንስ ሲከለክልህ አክብሮህ ነው።»

እንዲህ እንዲህ እያለ ሥጋው ቀዘቀዘ። ድምፅ ይሰጥ ተባለ። ሦስቱ ለአንተ፣ ሦስቱ ለእርስዎ። ሰባተኛው የፊዚክስ መምህሩ ፎልክማር ነው፤ እሱ ቢራ ለማዘዝ ካልሆነ እጁን አያነሳም። በደንባቸው መሠረት እኩል ሲሆን የሊቀመንበሩ ወገን ይረታል። ሁሉም ወደ ሃርትሙት ዞሩ። ሌላ ሰው ቢሆን የጓደኛውን ፊት አይቶ «ይደር» ይል ነበር። ለሃርትሙት ግን በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ነገር እጁ ገባ፤ ሊለቀው አልቻለም።

«አንተ ይላል» አለ። «ተወስኗል።»

አሸነፈ። የከተማችን ቀልድ ምን ማለት እንደሆነ የገባው ከዚያ በኋላ ነው።

ኤክሃርት ተነሳ። ካፖርቱን ለበሰ፤ አዝራሩን ከታች ጀምሮ እስከ አንገቱ ቆለፈ። የቢራውን ሒሳብ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

«መልካም ምሽት፣ ሄር ፍሌንደር።»

«ኤክሃርት፣ አንተ ደግሞ…»

«ለእርስዎ ሄር ዳውብ ነኝ።»

ወጣ። ሳህን ልታነሳ የገባችው ፍራው ክላፐርት ቆማ ቀረች።

«ማን ሞተ?» አለች ቀስ ብላ።

አሁን ማኅበሩን እናንሳ። በየዓመቱ በጸደይ የነጻ ሶፍትዌር ሰዎች ከየአገሩ የሚሰበሰቡበት ትልቅ ትርዒት አለ። እዚያ ጠረጴዛ የሚሰጠው ለተመዘገበ ማኅበር ነው። ማኅበር ለመመዝገብ ሕጉ ሰባት ሰው ይፈርም ይላል። የመፈረሚያው ስብሰባ ለመጋቢት ተቀጥሯል። ሃርትሙት «ሊቀመንበር» የሚል ካርድ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ፣ ስሙን በትክክል በሚጠሩት ሰዎች መካከል ቆሞ በሐሳቡ ስንቴ አይቶታል። ሰባት ነበሩ፤ አሁን ስድስት ናቸው። ሌላ ሰው ፈለጉ፤ የኪስ ኮምፒውተርም ትዕግሥትም አንድ ላይ ያለው ሰው በከተማችን አልተገኘም። ሃርትሙት በመጨረሻ ሚስቱን ለመናት።

«እኔ አንድ ጊዜ ፈርሜያለሁ» አለችው ሮስቪታ፤ «ያውም ላንተ። ለአንድ ዕድሜ ይበቃኛል።»

ግን እውነቱን እንናገር ካልን ፊርማው ሰበብ ነበር። ሃርትሙትን እንቅልፍ የነሳው ፊርማው አይደለም። ኤክሃርት ከሌለ ማን አለው? ስልክ ሲደውል «ሄር ዳውብ የሉም» ይላል ኤክሃርት፤ በራሱ ድምፅ። አንድ ቅዳሜ ገበያ አዳራሽ ውስጥ ድንች የተከመረበት ዘንድ ተገጣጠሙ።

«ይቅርታ፣ ሄር ፍሌንደር» አለ ኤክሃርት። «ጋሪዎን ትንሽ ያስጠጉልኛል?»

ሃርትሙት ጋሪውን አስጠጋ። ድንች ሳይገዛ ቤቱ ገባ። ሮስቪታ አየችው፤ ድንቹንም ልትገዛ ራሷ ወጣች።

ትንሹ አንተን አይጠይቅም። ነገር ግን ትልቁ እንዲሰጥ የሚያመች ቀን አለ፤ የልደት ቀን። በልደቱ ቀን መልካም ሊመኝ የመጣን ሰው ከበር የሚመልስ የለም፤ ጠጅ ቢጤም ይቀዳል፤ ብርጭቆ ከተነሳ ደግሞ ስም መነገሩ አይቀርም። ሃርትሙት ክረምቱን ሙሉ ይህችን ቀን ጠበቀ። የማይጠፋበት ነገር ነው፤ ኪሱ ውስጥ አለች። መጋቢት ገብቶ፣ በሦስተኛው ቀን ጠዋት ደረቱ ላይ ጢጥ አለች። አውጥቶ አያት። «ኤክሃርት፦ ልደት።»

ፊቱን ተላጨ፤ ክራቫት አሰረ፤ የፒር ፍሬ አረቄ አንድ ጠርሙስ በወረቀት ጠቀለለ።

«ወዴት ነው?» አለች ሮስቪታ።

«ኤክሃርት ዘንድ። ልደቱ ነው።»

«ነገ አይደል እንዴ? እስከ ዛሬ እኔ ሳስታውስህ መጋቢት አራት ነበር።»

«ኪሴ ዛሬ ነው ይላል።»

«እሺ፣ እሷ ካለች» አለች ሮስቪታ፤ ወደ ቡናዋም ተመለሰች።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ማወቅ ያስፈልጋል። እኛ ዘንድ ለሰው ልደት ቀድሞ መልካም መመኘት ሟርት ነው። ዘግይተህ ብትመኝ ይቅር ትባላለህ፤ ረስተህ ብትቀርም ትታማለህ እንጂ ክፉ አላደረግህም። አንድ ቀን ቀድመህ እንኳን ተወለድክ ካልክ ግን ሰውየውን ከነገ አፋፍ ላይ እንደ መግፋት ነው። ኤክሃርት ቤተ ክርስቲያን አይስምም፤ ጥቁር ድመት ይደባብሳል፤ በመሰላል ሥር ያልፋል። በዚህ ግን አይቀልድም። የእህቱን ባል ቀድመው መልካም ተመኝተውለት፣ በማግስቱ ከቼሪ ዛፍ ላይ ወድቋል።

ሃርትሙት ደወሉን ደወለ። ኤክሃርት በነጠላ ጫማ ወጥቶ ከፈተ። ክራቫቱን አየ፣ ጠርሙሱን አየ። ፊቱ ላላ ሊል ትንሽ ቀርቶት ነበር።

«እንኳን ተወለዱ፣ ሄር ዳውብ» አለ ሃርትሙት። «ጤና፣ ዕድሜ፣ መልካሙን ሁሉ…»

ኤክሃርት የበሩን መቃን ያዘ።

«ነገ ነው» አለ።

«ምኑ?»

«ልደቴ። ነገ ነው።»

በሩ ተዘጋ።

ሃርትሙት ደጃፉ ላይ ቆሞ ቀረ። ዝናቡ ጀመረ፤ መቼም አይቀርበትም። ሌላ ቀን ቢሆን አንገቱን ደፍቶ ይሄድ ነበር። ግን ከዚህ ወዲያ የሚሄድበት ቦታ የለውም። ጎንበስ ብሎ የፖስታ ማስገቢያዋን ቀዳዳ በጣቱ ገፋ አደረገና አፉን አስጠጋ።

«ሄር ዳውብ፣ እርስዎ የጻፏት ናት ያለችኝ። 'ለጊዜው' ናት ዛሬ ነው ያለችው።»

ከውስጥ የነጠላ ጫማ ድምፅ ተሰማ። በሩ ተከፈተ።

«የኔ ፕሮግራም አይሳሳትም።»

«ይኸው።»

ኤክሃርት ዕቃዋን ተቀብሎ አያት። መነጽሩን ፈለገ። እንግዲህ ሰው ቢረገም ይረገማል፤ ፕሮግራሙ ተሳሳተ ሲባል ግን ዝም የሚል የለም። «ይግቡ» አለ፤ «ጫማዎን ያውልቁ።» ወደ ምድር ቤቱ ወረዱ። ኮምፒውተሩ ሲከፈት ልደቱ መጋቢት አራት ነው ይላል። የኪሷ ሦስት ትላለች። ኤክሃርት ያችን ስንጥር ብዕር ይዞ ጫረ፣ ጫረ፣ ድንገት ቆመ።

«ሄር ፍሌንደር፣ እርስዎ የት ነው የሚኖሩት?»

«ያውቁታል እኮ፤ ከኮረብታው ሥር።»

«ይህች ለንደን ናቸው ትላለች።»

ሃርትሙት ቀላ። «ከሮስቪታ ጋር ሄደን ነበር። ሰዓቱን እዚያ አስተካክዬው…»

«መቼ?»

«ገና እንደገዛኋት።»

«እንግዲያው አልተመለሱም።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ልደት የሚጀምረው እኩለ ሌሊት ላይ ነው። በእኛ እኩለ ሌሊት ሲሆን ለንደን ገና አንድ ሰዓት ይቀረዋል፤ ገና የዋዜማው ቀን ነው። «ለጊዜው» ሰዓቷን ይዛ በታማኝነት ገለበጠች፤ የኪሷ ደግሞ ለንደን ነኝ ብላ በታማኝነት ወደ ኋላ ቆጠረች። ሃርትሙትም በታማኝነት ክራቫት አሰረ።

«ጥፋቱ የእርስዎ ነው» አለ ኤክሃርት።

«የእርስዎ ፕሮግራም የት እንዳለሁ መጠየቅ ነበረባት» አለ ሃርትሙት። እንዲህ መልስ ሰጥቶ አያውቅም፤ ራሱም ደነገጠ።

ኤክሃርት ወንበሩን አዞረ። ሳቅ ይሁን ቁጣ፣ ጉንጩ ላይ አንድ ነገር ተንቀሳቀሰ።

«ብትጠይቅስ» አለ፤ «ምን ብላ? 'የት ነህ' ብላ? እኔን?»

ተመልሰው እዚያው ገቡ። ኤክሃርት እርስዎ ካላለ አልፈርምም አለ። ሃርትሙት በድምፅ ተወስኗል፣ እኔ ብቻዬን ልሽረው አልችልም አለ። ኤክሃርት እንግዲያው ጠርሙስዎን ይውሰዱ አለ። ሃርትሙት ጠርሙሱን አነሳ። ደረጃው ሥር ደረሰ። እዚያ ቆሞ፣ ካልሲው ርሶ፣ መናገር እንዳለበት እያወቀ፣ የሚናገረው ቃል ሲጠፋው፣ አፉ በልማድ የዕድሜ ልክ ሥራውን ሠራ።

«አንዱ ይመረጥ» አለ።

«ምን አሉ?»

ጉሮሮውን ጠረገ። «'ኪስና ጠረጴዛ አልተስማሙም። አንዱ ይመረጥ።' አንተም የለም፣ እርስዎም የለም። ማንም ማንንም አይጠራም።»

ኤክሃርት ቃሉን በከንፈሩ ለራሱ ደገመው። መነጽሩን አውልቆ ጠረገው።

«ይህ እኮ የግብር መሥሪያ ቤት አነጋገር ነው» አለ።

«የውሃ ክፍልም ነው።»

ሁለቱ የመንግሥት ሠራተኞች እዚያ ምድር ቤት ውስጥ የአፍ መፍቻ ቋንቋቸውን አገኙ። ኪስና ጠረጴዛን ያስታርቃል የተባለው የዓመታት የደቦ ዕቅድ ሲያልቅ፣ ሰውን ከነጻነቱም ከክብሩም አውጥቶ ቆጣሪው ይነበብ እንደሚለው ደብዳቤ የሚያናግር ነገር ሆነ። ሁለቱም ኮሩበት።

«ይፈረማል?» አለ ሃርትሙት ፈራ ተባ እያለ።

«ይፈረማል» አለ ኤክሃርት። ቀጥሎ አፉን ሊከፍት ፈለገ። እጁ ወደ ጠርሙሱ ሄደ፤ ጠርሙሱ ግን የነገ ነው፤ ዛሬ ቢከፈት ሟርቱ ይብስ ነበር። የተነጠቀ አንተ እንዴት እንደሚመለስ ደግሞ ልማዱ አይናገርም፤ ነጥቆ የሚመልስ ሰው ስላልነበረ። እጁን መለሰ። «ጠርሙሱ ይወሰድና ነገ ይምጣ። የዛሬው እንዳልተባለ ይቆጠር።»

በማግስቱ ሃርትሙት ያንኑ ጠርሙስ ይዞ፣ ያንኑ ክራቫት አስሮ ሲወጣ ሮስቪታ ከቡናዋ ቀና አለች።

«ሰውየው በየቀኑ ይወለዳል እንዴ?»

ማኅበሩ ተመዘገበ። ሰባቱም ፈረሙ፤ ፎልክማርም ፈረመ፤ ፊርማ እጅ ማንሳት አይደለም ተብሎ ተለምኖ። በትርዒቱ ላይ ጠረጴዛ ተሰጣቸው፤ ከኋላቸው «ስምምነት» የሚል ትልቅ ወረቀት ሰቀሉ። ሃርትሙት ካርዱን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ቆመ። ካርዱ ላይ ስሙ «ፍላንደር» ተብሎ ነበር የተጻፈው፤ አላረመውም። ሰው እየመጣ «ፕሮግራሙስ የታለ?» ይላል። «በዕቅድ ላይ ነው» ይሉታል። አንዱ ጎብኚ ስልኩን ከኪሱ አውጥቶ ቀጠሮ እንደሚይዝለት ሲያሳያቸው ኤክሃርት በትሕትና «ይህ ስልክ ነው» አለው።

ዓመታት ሄዱ። ያቺን ዕቃ የሚሠራት ፋብሪካ መሥራቱን ተወ፤ የኪስ ኮምፒውተር የያዘ ሰው በከተማችን ቢታይ ልጆች ያስቃል። ማኅበሩ ግን አለ። ለማፍረስ ደንቡ ሁሉም እጅ ያንሳ ይላል፤ ፎልክማር ደግሞ አያነሳም። በየወሩ በአጋዘኖቹ ቀንድ ሥር ይሰበሰባሉ፤ ፍራው ክላፐርትም መዝሙሩን መጠበቅ ትታለች።

አንተ የሚለው ቃል ግን አልተመለሰም። ኤክሃርት አንተ ለማለት ኩራቱ አይፈቅድለትም፤ ሃርትሙትም እርስዎ ለማለት ልቡ አይችልም። ስለዚህ በምድር ቤቱ ቋንቋ ይኖራሉ። «ሰናፍጭ ይፈለጋል?» ይላል አንዱ። «ይምጣ» ይላል ሌላው። ከስብሰባ ሲወጡ በአንድ ጃንጥላ ናቸው፤ «ወደ ግራ ይጠጋ፣ ጎርፍ አለ» ሲባባሉ የሚሰማ ሰው ሁለት ማስታወቂያዎች ቤታቸው እየሄዱ ይመስለዋል። ኤክሃርት በዚያ ዓመት ያገኘውን ሁሉ፣ የተሰበረውን ጥርስ፣ ምድር ቤቱ የገባውን ውሃ፣ የተነሳችውን ሪህ፣ በዚያ ቀድሞ በመጣ ምርቃት ያመካኛል። ውሃው ደግሞ የሃርትሙት የውሃ ክፍል ስለሆነ ድርብ ጥፋት ነው ይላል።

በየዓመቱ በመጋቢት አራት ሃርትሙት ያቺን ደጃፍ ይረግጣል። ኪሱን አያምንም፤ ሮስቪታን ነው የሚጠይቀው። ይደውላል። በሩ ይከፈታል።

«ዛሬ ነው?» ይላል ሃርትሙት፣ ጠርሙሱን ከኋላው ደብቆ።

«ነው።»

«እንኳን ተወለደ።»

«ይግባ» ይላል ኤክሃርት፤ በሩንም ሰፋ አድርጎ ይከፍትለታል። «ጫማ ይውለቅ።»